ሸውራራው ጥለት

ልጆቼ፣ እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት የልጅ ልጆቼን ለማድረስ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ በሩ። ፊደል የለየሁት ከልጅ ልጄ ደብተር ላይ ነው፤ እሷ የቤት ሥራዋን ስትሠራ እኔ አጠገቧ እንዝርቴን እያሾርኩ በጎን ዓይኔ ስሰርቅ። ስለዚህ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢረግጥ አትታዘቡኝ። ፈታይ ሰው እንዲህ ነው፤ ክሩን ይስባል፣ ይበጠስበታል፣ ምራቁን ቀባ አድርጎ ይቀጥላል።

የማጫውታችሁ በጣሊያን ጊዜ እዚሁ ልደታ፣ ከአንድ ሰኞ እስከ ቅዳሜ የሆነ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ቀብሬያለሁ። እኔን እኔ ያደረገኝ ግን ያ ሳምንት ነው።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ባለ ክራባቱ ሁሉ መዝገብ ታቅፎ ፍርድ ቤት የሚመላለስበት መሬት ጓሮና ጭቃ ነበር። ቤታችን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው፤ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ። እናቴ እኔን ስትወልድ ሞታለች፣ አባቴ በጦርነቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ ሰፈርተኛው እመት በለጡ ይላታል፣ እኔ እምዬ እላታለሁ። ከግድግዳችን ተለጥፋ በተሠራች ዳስ ውስጥ ደግሞ ጋሽ አልታዬ የሚባል ሸማኔ ይሠራ ነበር። በልጅነቱ ከጋሞ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ በቀን የሚናገረውን ቃል በጣት የምትቆጥሩት ሰው። እምዬ ዳሷን በነፃ ሰጥታዋለች፤ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ከሚሰድቡ ሰዎች ጋር ስንት ጊዜ ተጣልታለች። ለምን እንዲያ እንደምትቆጣ ያኔ አይገባኝም ነበር።

እኔ ለጋሽ አልታዬ ፈታይ ነበርኩ። እንደምታውቁት በኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሸማኔ መሬት ቆፍሮ በሠራው ጉድጓድ እግሩን ሰድዶ፣ መርገጫውን በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ ይውላል። ሴት ጉድጓዱ አፋፍ ድረስ ክሯን ታመጣለች። ከዚያ አታልፍም። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጣሊያኖቹ ከገቡ አንድ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር መሰለኝ፣ አንድ ጉደኛ ጣሊያን ሰፈራችንን ማዘውተር ጀመረ። ወታደርም ነጋዴም አይደለም፤ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል። ሥራው አሮጌ ልብስ መሰብሰብ ነው! አዲስ ሸማ ቢያሳዩት ፊቱን ያዞራል። አሮጌ ነጠላ ካየ ግን «አንቲኮ! አንቲኮ!» እያለ እንደ ሕፃን ይዘላል። የሚወስደው ወደ አገሩ ነው፤ በመስተዋት ሳጥን ሊያስቀምጠው። ሰፈሩ ስም ለማውጣት አልሰነፈም፤ አሮጌ ልብስ የሚወድ ሌላ ማን አለ? «ብል» አሉት። «ብሉ መጣ!» ሲባል ሴቱ ሁሉ ሳጥኑን ይከፍታል።

ታዲያ ብሉ ልብስ ብቻ አይወስድም፤ ታሪኩንም ነው። ማን ሸመነው? ማን ለበሰው? በምን ቀን? ይህን ሁሉ በአስተርጓሚው ጠይቆ በደብተሩ ይጽፋል። ታሪክ የሌለውን ልብስ አይነካም። ታሪክ ላለው ሳሙናና ስኳር ይሰጣል። ስኳር ባየ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ታሪክ ሊጠፋ ነው? ልደታ በአንድ ወር ውስጥ የታሪክ አዋቂ ብቻ ሆነ።

የሁሉም አውራ የኔዋ እምዬ ነበረች። የሊጥ መሸፈኛችንን፣ አዎ፣ ሊጥ የሚሸፈንበትን ቡትቶ፣ ይዛ ቀረበችና፣

«ይሄ አንዲት ወይዘሮ በበቅሎ ስትኮበልል የተከናነበችው ነው» አለች። «ከባሏ ኮብልላ፣ ለሚወዳት ሰው። ይሄ ነጠብጣብ ወንዝ ስትሻገር የነካት ነው።»

«የቱ ወንዝ?» ብሎ ይጠይቃል አስተርጓሚው፤ አቶ ሀብቴ ይባላል፣ ፊቱ እንደ ድንጋይ የማይነቃነቅ ሰው።

«አዋሽ ይሁንለት» አለች እምዬ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

ሦስት ሳሙና ሰጠን። በዚያ ሳሙና ሳምንቱን ሙሉ እየሳቅን ታጠብን።

እግዜር ግን የሳቀን ሰው አንዳንዴ ያያል።

እምዬ አንድ እውነተኛ አሮጌ ልብስ ነበራት። ኩታ ነው፤ የሠርጓ። ወንዱ አያቴ እሷን ሲያገባ ያለበሳት፣ ከሳጥኑ በዓመት አንዴ ለግንቦት ልደታ ብቻ የሚወጣ፣ በአሪቲ ቅጠል ታጥፎ የሚኖር። ክሩ ከመቅጠኑ የተነሳ ኩታው ተጨምቆ በጡጫ ውስጥ ይገባል። ጥለቱ ቀይና ጥቁር ነው፤ ጫፍ ለጫፍ የሚነካኩ ዓይን የመሳሰሉ ቅርጾች፣ በእያንዳንዱ ዓይን መሐል ቢጫ ብሌን። በአንደኛው ጫፍ ላይ ከዳር ሰባተኛው ዓይን ግን የተጣመመ ነው። ብሌኑ ከመሐል ሸሽቶ ጥግ ይዟል፤ ጎረቤቱን በጎን የሚያይ ይመስላል። እኛ «ሸውራራው» እንለዋለን። ልጅ ሳለሁ ሳለቅስ እምዬ እሱን እያሳየች ታስቀኝ ነበር።

ይህ ኩታ መገነዣዋ ነው። «በዚህ ትገንዙኛላችሁ፤ ያለበሰኝን ለብሼ እሄድበታለሁ» ብላ የንስሐ አባቷን፣ ዕድሩን፣ እኔን፣ ጋሽ አልታዬን ሁሉ አስምላለች።

በዚያ ዓመት ለግንቦት ልደታ ለብሳው ወጣች። ብሉ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። እሷ ስታልፍ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ከአቶ ሀብቴ ጋር ከች አለ። እምዬ ሌላ ቡትቶ ልታቀርብለት ስትነሳ በእጁ ከለከላትና ወደ ሳጥኑ ጠቆመ።

«ያችን የትናንቷን ይላል» አለ አቶ ሀብቴ።

«እሷ ታሪክ የላትም በለው።»

አቶ ሀብቴ ነገረው። ብሉ ሳቀ፤ አልሄደም። አሮጊት ከጣሊያን ጋር ምን ትታገላለች? ኩታው ወጣ። ደጃችን ላይ ተዘረጋ። ብሉ ትናንሽ ሣጥን ሣጥን የተሰመረበት ወረቀት አወጣና ጥለቱን ክር በክር እየቆጠረ መሳል ጀመረ። ጠዋት የጀመረ እስከ እኩለ ቀን ሣለ። ሸውራራው ጋ ሲደርስ በደስታ እጁን አጨበጨበ። አጉሊ መስተዋቱን አወጣ፣ ሦስት ጊዜ ቆጠረው፣ በቀይ እርሳስ ከበበው።

«ምን አለ?» አለች እምዬ።

«የእውነት አሮጌ ለመሆኑ ምልክቱ ይቺ ናት ይላል» አለ አቶ ሀብቴ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቅዳሜ በመኪና መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ታሪኩንም አዘጋጅታ ትጠብቀኝ ብሏል። እማማ፣ ይስጡት። እምቢ ካሉ ፈታሾች ይዞ ነው የሚመጣው።»

ሲሄዱ እምዬ ኩታውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ቀልደኛዋ እምዬ ጫፉን በጣቷ እየጠቀለለች፣

«እንግዲህ ሰውዬዬን ራቁቴን ልገናኘው ነው?» አለች። ልስቅ ፈለግሁ፤ ዓይኗን ሳየው ግን አልቻልኩም።

ጋሽ አልታዬ ከዳሱ ብቅ አለ። ሁሉን ሰምቷል። ኩታውን ተቀብሎ ጥለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ገለበጠው፣ ወደ ፀሐይ ያዘው።

«ሌላ እሠራለሁ» አለ።

ይህ እንግዲህ የሰኞ ቃሉ ነበር፤ ሁለት ቃል።

ጉድጓዱ ላይ ለአንድ ነጋዴ የታዘዘ ድር ተወጥሮ ነበር፤ እኔው ሙሉ ክረምት የፈተልኩት ቀጭን ክር። ጋሽ አልታዬ ነጋዴውን አስጠብቆ እሱን ለኛ አደረገው። ችግሩ የጥለቱ ቀለም ነው። ያንን የመሰለ የደበዘዘ ቀይና ጥቁር ከገበያ አይገኝም። እምዬ ጓዳ ገባችና የእናቴን የክት ቀሚስ አወጣች፤ ጥለቱ ያው ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ፣ በዘመን የደበዘዘ። እናቴን አላውቃትም፤ የማውቀው ያን ቀሚስ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ያንቺ ነው። እምቢ ካልሽ እምቢ ነው» አለችኝ።

ጥለቱን ራሴ ተረተርኩት። ክሩን በቀለም በቀለሙ ጠቀለልኩ። ልጆቼ፣ ያኔ አላለቀስኩም፤ ያለቀስኩት ሌላ ጊዜ ነው።

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዳሷ ውስጥ የመወርወሪያው ድምፅ አልተቋረጠም። እምዬ በር ላይ ተቀምጣ ዘብ ትጠብቃለች፤ ሰው ሲመጣ ታስላለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ጥለት ላይ ተደረሰ። አምስተኛ ዓይን፣ ስድስተኛ ዓይን። ከዚያ ሰባተኛው።

ጋሽ አልታዬ ሠርቶ ሲጨርስ አየነው። ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ ብሌኑ ልክ መሐል ቁጭ ያለ ዓይን!

«አልታዬ፣ ሸውራራው የት አለ?» አለች እምዬ።

ጋሽ አልታዬ ሥራውን አየና ደነገጠ። «እጄ አቃናው» አለ። ፈታው። እንደገና ሠራ። እንደገና ቀና። ሦስተኛ ጊዜ ጥርሱን ነክሶ፣ አሮጌውን ፊቱ ዘርግቶ፣ እየቆጠረ አጣመመው። ሲያልቅ ሦስታችንም ጎንበስ አልን። ተጣሟል፤ ግን ጠማማነቱ ራሱ ሥርዓት አለው። እንደ ሰከረ ሰው ሳይሆን ሰካራም ለመምሰል እንደሚንገዳገድ ሰው።

«ይሄ እያሾፈ ነው» አለች እምዬ።

«ሠላሳ ዓመት ነው እመቤቴ» አለ ጋሽ አልታዬ፤ ላቡን ጠረገ። በአንድ ቀን ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስህተት ሳልሠራ ኖርኩ። ዛሬ አንዷን ስህተት ብለምናት እምቢ አለችኝ።»

እኛ ስህተት አጥተን የተቸገርን ሰዎች ሆንን። በዚህ ምድር ስህተት ሞልቶ!

ዓርብ ጠዋት እምዬ እኔን አየችኝ። ከዚያ ጉድጓዱን አየችው። ከዚያ እኔን።

«አስካለ ትግባ» አለች።

ጋሽ አልታዬ የሰማ አልመሰለም። «የት?»

«ጉድጓዱ ውስጥ። ስህተት የምንፈልገው ከማያውቅ ሰው አይደለም እንዴ? ከሷ የበለጠ የማያውቅ የት እናገኛለን?»

«ሴት?» አለ ጋሽ አልታዬ። «ሴት ጉድጓድ ከገባች ድሩ ይበጠሳል። አባቴ ነግሮኛል። የአባቴ አባት ለአባቴ ነግሮታል።»

«አይበጠስም።»

«በምን ያውቃሉ?»

እምዬ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ከሌለ አቧራ ጋር ታገለች። «ቅዳሜ ነገ ነው አልታዬ» አለች። «ድሩ ከሚበጠስና እኔ ራቁቴን ከምቀበር የቱ ይሻልሃል?»

ጋሽ አልታዬ አማተበ። የሚያሾፈውን ዓይን ፈትቶ ከጉድጓዱ ወጣ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ፤ እንዳያይ።

ገባሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ እግሬን ስሰድ ጉድጓዱ ቀዝቃዛ ነው፤ መርገጫው በጋሽ አልታዬ እግር ቅርጽ ጎድጉዷል። ድሩ ከፊቴ ተወጥሯል፣ እኔው የፈተልኩት ክር። እስከዚያ ቀን ከክር አልፌ አላውቅም ነበር። መረገጥ የነበረበትን ትቼ ሌላውን ረገጥኩ። መወርወሪያው ወድቆ ጎኔን መታኝ። ግራና ቀኙ ተምታታብኝ። ጋሽ አልታዬ ከግድግዳው ሳይዞር «ቀዩን ሁለት ክር ዝለይ… ጥቁሩን መልሽ…» ይላል፣ እኔ ስዘልል ሦስት እዘላለሁ። ልቤ ይመታል፤ ግን የፍርሃት ብቻ አልነበረም። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም። አንዲት ዓይን ለመሥራት እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀብኝ።

ሲያልቅ እምዬ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችው። ብሌኑ ሸሽቶ ጥግ ይዟል። ጎረቤቱን በጎን ያያል። ሸውራራ! ልከኛ ሸውራራ!

እምዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። «ቁርጥ የኔን!» አለች። ከዚያ ያመለጣትን ቃል የምትመልስ ይመስል ከንፈሯን ነከሰች።

ጋሽ አልታዬ ከግድግዳው ቀስ ብሎ ዞረ። መጀመሪያ እሷን አየ። ቀጥሎ ድሩን። አንድም ክር አልተበጠሰም።

ሰው ሊመጣ ነበርና ለጥያቄ ጊዜ የለም። የቀረውን እሱ ጨርሶ ቆረጠው። ከዚያ ማስረጀት መጣ። በጌሾ እጣቢ ነከርነው፣ ጨመቅነው፣ በአመድ አሸነው፣ ዶሮዎቹ ሥር ዘረጋነው፣ እንደገና አጠብነው። እስኪደርቅ ስንጠብቅ ዝናብ ጣለ፤ ግንቦት ላይ እንዲህ ያለ ዝናብ! ቅዳሜ ጠዋት ኩታው የመቶ ዓመት አዛውንት መስሏል። እርጥብነቱ ግን እንደ ሕፃን ጨርቅ ነው።

እውነተኛውን ኩታ ትራስ ውስጥ ከተትነው፤ ገለባ ከላይ፣ ገለባ ከታች፣ እሱ መሐል። እኔ አልጋው ላይ ጣልኩት። መኪናው በር ላይ ጮኸ።

ብሉ ገባ፤ አቶ ሀብቴ ተከተለው። ሰውዬው መደቡን አየና ለመቀመጥ አመነታ፤ ልብሱ ነጭ ነው። እምዬ፣ የኔ እምዬ፣ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«እንግዳ በባዶ መደብ አይቀመጥም። አስካለ፣ ያን ትራስ አምጪለት።»

ዓይኗን አየሁ፤ አንድ ነገር ዓይኗ ውስጥ እየዘለለ ነው። አመጣሁ። ብሉ ተቀመጠበት። ተመቸው መሰለኝ፣ አንዴ ተነቃንቆ ተደላደለ።

አዲሱን ኩታ ጭኑ ላይ ዘረጋ። ወረቀቱን አወጣ፣ መስተዋቱን አወጣ። መቁጠር ጀመረ። ጋሽ አልታዬ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከንፈሩ አብሮ ይቆጥራል። አምስተኛ። ስድስተኛ። ሰባተኛው ላይ ቆመ። መስተዋቱን አስጠጋ። ወረቀቱን አየ፣ ኩታውን አየ፣ ወረቀቱን አየ። እኔ ትንፋሽ አጥቼ ግድግዳውን ይዣለሁ።

«ቤኔ» አለ፤ ደህና ነው ማለቱ ነው።

ከዚያ ግን እጁ ጨርቁን ዳበሰና ግንባሩ ተቋጠረ። አንድ ነገር ተናገረ።

«ለምን ረጠበ? ይላል» አለ አቶ ሀብቴ።

እምዬ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«አልቅሼበት ነው በለው። ሌሊቱን ሙሉ።»

አቶ ሀብቴ ያን ድንጋይ ፊቱን ሳያነቃንቅ ነገረው። ብሉ ባርኔጣውን አወለቀ። አዝኖ፣ የእምዬን እጅ ይዞ ነቀነቀ። ምስኪን! ከዚያ ደብተሩን ከፈተ። ታሪኩን ጠየቀ፤ በተለይ የሸውራራውን። ማን አጣመመው? ለምን?

እኔ እምዬ አንድ ወይዘሮ በበቅሎ ልታመጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እምዬ ግን እጇን ጭኗ ላይ አጣመረች፤ ድምፅዋም ሌላ ሆነ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ኮረዳ ሆኜ ነው። ክር ላደርስ ከአንድ ሸማኔ ዳስ ሄድኩ። እሱ ውኃ ሊጠጣ ወጥቷል። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ምን ይመስላል ብዬ ገባሁ። ያየሁትን እያስታወስኩ አንዲት ዓይን ሠራሁ። ሲመለስ ያዘኝ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ስገልጥ ጎንበስ ብሎ እያያት ነው። አልፈታትም። ከሷ ቀጥሎ ሥራውን ቀጠለ። ኩታው ለሌላ ሰው የታዘዘ ነበር፤ ለሰውዬው ሌላ ሠራለት፣ ይሄን አስቀረው። ዘመዶቼ ‹ለቁጢት በጣሽ አንድርም› አሉ። እኔ ግን ያበላሸሁትን ያላፈረሰብኝን ሰው የት አገኛለሁ? ብዬ አገባሁት።»

ጋሽ አልታዬ በሩን ይዞ ቆሟል። እኔ አያቴን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት መሰለኝ።

አቶ ሀብቴ ቀስ እያለ፣ አንዲት ቃል ሳያስቀር ይመስለኛል፣ ተረጎመው። ብሉ እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር፤ መሐል ላይ አስቀመጠው። በጣቱ እምቢ አለ። ፈገግ ብሎ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ይሄ ሊሆን አይችልም ይላል» አለ አቶ ሀብቴ። «በዚህ አገር ሴት አትሸምንም፤ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁ ይላል። እውነተኛውን ታሪክ ይንገሩኝ ይላል።»

እምዬ ሰውዬውን አየችው፤ የተቀመጠበትንም ትራስ አየችው። ያ የሚዘልል ነገር ዓይኗ ውስጥ ተመልሶ መጣ።

«እንግዲያ አልዋሽም» አለች። «የቤተ መንግሥት ሸማኔ ነበር። እየሠራ ሳለ የንጉሥ አንበሳ አምልጦ ዳሱ ገባ። ሸማኔው ደነገጠ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ ተጣመመች። አንበሳው ግን ጥለቱን አይቶ፣ አሸትቶ፣ ዝም ብሎ ወጣ።»

«ቤሊሲሞ!» አለ ብሉ፤ እጅግ ያማረ ማለቱ ነው። ሁሉንም ጻፈ። የአንበሳውን ስም ሳይቀር ጠየቀ፤ እምዬም ሳታመነታ ሰጠችው።

ኩታውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ሙሉ ካርቶን ሳሙና አስወርዶ ተነሳ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከትራሱ ስፌት የእውነተኛው ኩታ ዘርፍ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ አቶ ሀብቴ ደግሞ ጫማውን በላዩ አድርጎ ቆሟል። መቼ እንደረገጠው እግዜር ይወቅ። ብሉ በሩን ሲያልፍ አቶ ሀብቴ እግሩን አነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ዘርፉን በጣቱ ወደ ውስጥ መለሰ፣ ወደ እምዬ ጆሮ ጠጋ አለና፣

«እማማ፣ ትራሱን ብል እንዳይበላው» ብሎ ወጣ። ፊቱ ያው ድንጋይ ነው።

መኪናው እስኪርቅ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ እምዬ መሳቅ ጀመረች፣ እኔ ተከተልኩ። ጋሽ አልታዬ ግን አልሳቀም። ወደ ዳሱ ሄደ፣ መለስ አለና በሩ ላይ ቆመ።

«አስካለ» አለኝ። «ሰኞ በጠዋት ነይ።»

«ክር አላለቀም እንዴ ጋሼ?» አልኩት።

«ክሩን ተዪው። አንቺን ነው።»

ሰኞ ሄድኩ። ሰፈሩ አወራ፣ ጋሽ አልታዬን ሰደቡት፣ እኔን ባል አታገኝም አሉኝ። አገኘሁ። በዚያች ጉድጓድ በሠራሁት ልጆቼን አሳደግሁ። መጀመሪያ ሸውራራ መሥራት ብቻ ነበር የማውቀው፤ ቀና ማድረግ ለመማር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እጄ ቀና ማለትን ሲለምድ ደግሞ እንደ ጋሽ አልታዬ ስህተት እምቢ እንዳትለኝ ፈራሁ። ስለዚህ እስከ ዛሬ፣ ለሠርግም ይሁን ለክርስትና፣ በምሠራው ጥለት ሁሉ አንዷን ዓይን ወደ ጎን አሳያታለሁ። ያዘዘኝ ሰው አያገኛትም። ያገኛት ቢኖር እመርቀዋለሁ።

እምዬ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው ያረፈችው፤ አልጋዋ ላይ፣ በሰላም። እንዳስማለችን በኩታዋ ገነዝናት። ጥለቱን በፊቷ በኩል ሳደርግ ሸውራራውን ፈልጌ ከጉንጯ ጎን አሳረፍኩት። ያኔ አለቀስኩ፤ ለእናቴ ቀሚስም፣ ለሷም፣ ለሁሉም ባንድ ላይ። አጠገቤ የቆሙት ቀባሪዎች ግን «ይቺ ልጅ ታለቅሳለች ወይስ ትስቃለች?» ብለዋል ይባላል። የዓይኑ አስተያየት ነው ያሳቀኝ።

እናንተ የምታነቡኝ ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባሕር ማዶ የምትመላለሱ አላችሁ። በአንድ መስተዋት ሳጥን ውስጥ ቀይና ጥቁር ጥለት ያለው ኩታ ካያችሁ፣ አጠገቡም ስለ አንበሳ የተጻፈ ነገር ካለ፣ ከዳር ሰባተኛዋን ዓይን ቁጠሩ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጅ ናት። በእናቷ ቀሚስ ክር የተሠራች ናት። ሰላም በሉልኝ።

የእናታችሁንም የአያታችሁንም ኩታ ከሳጥን አውጥታችሁ እዩት። የተጣመመ ቦታ ካገኛችሁ ሸማኔውን ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ እሱ ውኃ ሊጠጣ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አሮጊቷ በሕይወት ካለች ቁጭ ብላችሁ ጠይቋት። መጀመሪያ አንበሳውን ትነግራችኋለች። ቤሊሲሞ ብላችሁ እንዳትነሱ።